ስለ ጠላችን ጣዕም እንነጋገር



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ጽዳት፣ ስለ ውኃና ስለ መዋጮ ደጋግመን ጽፈናል። ዛሬ ስለ ጠላና ስለ ቢራ ስንጽፍ «ምነው፣ ቁም ነገር ጠፋ እንዴ?» የሚል አይታጣም። ነገሩ ግን ቁም ነገር ነው። ጠላ ጠምቀው ቤት የሚያስተዳድሩ፣ ልጅ የሚያስተምሩ እናቶች በመካከላችን አሉና።

እኛ የድሬ ሰዎች ጣዕም አናውቅም አንባልም። ቡና ሲቀርብልን አቦሉን ከቶናው እንለያለን። የአወዳይን ጫት ከሌላው በቅጠሉ እናውቃለን። መጠጥ ላይ ስንደርስ ግን ጥያቄያችን አንድ ብቻ ነው፤ «ስንት ጠጣህ?» እንባባላለን። «እንዴት ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ቆጥሮ መጠጣት ኪስንም ጤናንም ይጎዳል። ከዚያም በላይ ጥሩ የጠመቀችውንና እንደ ነገሩ ያደረገችውን እናት እኩል ያደርጋል። ታዲያ ጎበዟ ለምን ትድከም?

በሌላው ዓለም ይህ ነገር ማኅበር አቋቁሟል። በእንግሊዝ አገር ትላልቅ ፋብሪካዎች ገበያውን ሲይዙት በበርሜል ውስጥ እየፈላ የሚበስለው የጥንቱ ቢራ ሊጠፋ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1971 አራት ወጣቶች ተነስተው «ካምራ» የተባለውን የጠጪዎች ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ ቢራ እየቀመሰ ደህናውን ከመጥፎው ለይቶ ለሕዝብ አሳወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ ታላቁን የብሪታንያ የቢራ ፌስቲቫል ጀመረ። ቢራውን ከመጥፋት ያዳነው የጠጪዎች ምላስ ነው ማለት ይቻላል።

የፋብሪካ ቢራን አናጥላላም። ጊዮርጊስ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ጎረቤታችን ሐረር ቢራ እ.ኤ.አ. በ1984 ተቋቁሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ለሄኒከን ተሸጧል። በድሬ ቀትር የቀዘቀዘ ሐረር ቢራ የሚሰጠውን እርካታ የሚክድ የለም። በሐኪም ተራራ ስም የተሰየመውን ሐኪም ስታውት የቀመሰም ጥቁር ቢራ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የተቆላ ብቅል ይሸታል፣ ጣፈጥ ብሎ ይጀምርና መረር ብሎ ይጨርሳል። የፋብሪካ ቢራ ጥሩነቱ ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። የጠላ ጥሩነት ደግሞ ከቤት ቤት መለያየቱ ነው። ችግሩም እዚያው ላይ ነው፤ ቀምሶ የሚለይ ከሌለ መጥፎው ከጥሩው ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል።

ጠላ ቀላል ሥራ አይደለም። እንስራው በግራዋ ካልታጠበና በወይራ ካልታጠነ ሽታው ያሳብቃል። ጌሾው ከበዛ ይመራል፣ ካነሰ ጠላው ይልፈሰፈሳል። አሻሮው ካረረ እርር እርር ይላል። ብቅሉ ከጎደለ ውኃ ውኃ ይላል። በዚህ ላይ የድሬ ሙቀት አለ። ደጋ ላይ ቀናት የሚፈጀው እዚህ ቶሎ ይደርሳል፤ ቶሎ የደረሰ ደግሞ ቶሎ ይሆመጥጣል። ውኃችንም ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚያስቀር ከባድ ውኃ ነው። ይህ ግን የሚያሳፍር አይደለም። የፒልሰን ቢራ ፈካ ብሎ የወጣው በለስላሳ ውኃው ነው፤ የደብሊን ጥቁር ስታውትም ከከተማው ከባድ ውኃ ጋር ተስማምቶ ነው ስም ያወጣው። የድሬ ጠላም የደብረ ብርሃንን ጠላ መምሰል የለበትም፤ የድሬን ይምሰል።

እንግዲህ ሐሳባችን ይህ ነው። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ለቁልቢ ገብርኤል የሚመጣው ምእመን ብዙው በከተማችን ያልፋል። ታይዋን ገብቶ ጨርቁንም ዕቃውንም ሸምቶ ይሄዳል፤ የእናቶቻችንን ጠላ ግን የሚቀምሰው ስንቱ ነው? ከበዓሉ በፊት ባለው እሑድ ከሰዓት በኋላ የጠላ መቅመሻ ቀን ይደረግ። ፈቃደኛ ከሆነ ቤት ሁሉ አንድ አንድ እንስራ ይምጣ። እንስራው ላይ ስም ሳይሆን ቁጥር ይለጠፍ። ቀማሹ በቡና ስኒ ይቅመስ፤ በመካከሉ ቆሎ ይቆርጥም፣ በውኃ ይጉመጥመጥ። ቀለሙን፣ ሽታውን፣ ምሬቱን፣ ኩምጣጤውንና ከወረደ በኋላ አፍ ላይ የሚቀረውን አይቶ ነጥብ ይስጥ። ፊልተሩ ለብቻ፣ ጉሹ ለብቻ ይዳኝ። ዳኞቹ ጠምቀው ያረጁ እናቶች ይሁኑ። ኦሮምኛ ተናጋሪ እናቶቻችንም ፈርሷቸውን ይዘው ይምጡ። ብዙ የጠጣ የሚሸለምበት ጨዋታ ግን በፍጹም አይኑር።

«ስካር ልታስፋፉ ነው» የሚለን ይኖራል። ቀምሶ የሚፈርድ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው። ተራው ጠላ ከ2 እስከ 4 ከመቶ፣ ፊልተሩ እስከ 6 ከመቶ የሚደርስ አልኮል እንዳለው ብዙዎቻችን አስበነው አናውቅም፤ ይህንንም በዚያ ቀን እንማማርበት። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አይቀዳም። ባጃጅ የሚነዳም ቁልፉን ቤቱ አስቀምጦ ይምጣ። ይኸው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቶታል። ማስታወቂያው በነበረበት ጊዜም ቢሆን ስለ ጭፈራ እንጂ ስለ ጣዕም ብዙም አልነገረንም፤ ስለ ጣዕም መነጋገር የኛው የጎረቤቶች ሥራ ነው።

ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደግሞ በዚህ ቅር ሊላቸው አይገባም። ቦታው ከመስጊድና ከገበያ መተላለፊያ የራቀ ይሁን፤ ድምፅ ማጉያ አይተከል፤ ከመግሪብ በፊት ይበተን። ጠላ የማይቀምስ ጎረቤት ለሻይና ለቡና እንኳን ደህና መጣ። ተከባብሮ መኖር ለድሬዳዋ አዲስ ትምህርት አይደለም።

ከዚህ የምናተርፈው ምንድን ነው? ያሸነፈችው እናት ስሟ ይታወቃል፣ ደንበኛ ታገኛለች። የተሸነፈችውም የጎደለውን ታውቃለች፤ ብቅሉን ታሻሽላለች፣ እንስራዋን ታጥናለች። ሙያውም ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። አሁን ግን ልጆቻችን ጌሾ ከየት እንደሚገዛ እንኳ የማያውቁበት ጊዜ ላይ ደርሰናል። ደጃፏ ላይ ጣሳ ደፍታ የምትሸጥ እናት ነገ ጣሳዋን ብታነሳ የሚተካት ማን ነው?

ጠማቂ እናቶች፣ ስለ ዋጋው፣ ስለ ዳኝነቱም ሆነ ስለ ቀኑ ያላችሁን ሐሳብ ጽፋችሁ ወይም አስጽፋችሁ ከሰሌዳው አጠገብ ባለው ሣጥን ክተቱ። የምትቃወሙም ተቃውሟችሁን ጻፉ፤ እሱንም እዚሁ እንለጥፈዋለን። እስከዚያው ጠላ ቤት ስትገቡ ሁለተኛውን ከማዘዛችሁ በፊት የመጀመሪያው እንዴት እንደነበር ለጠመቀችው እናት ንገሯት።