የተበየደው ስንጥቅ ፈራሚ የለውም፦ በግል የተሠሩ አውሮፕላኖች የሞተር መያዣና የፌዴራሉ ሕግ ክፍተት

ከሊቨርሞር ማዘጋጃ ቤት አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ምዕራብ የሚነሣ አነስተኛ አውሮፕላን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ፕሌዘንተን አጠገብ ይደርሳል። ከእነዚህ አውሮፕላኖች መካከል በፋብሪካ ሳይሆን በግለሰብ ጋራዥ የተሠሩና «የሙከራ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው አሉ። የፕሌዘንተን ነዋሪዎች ስለ ማረፊያው ሲሟገቱ በአብዛኛው የሚያነሡት የድምፅን ነገር ነው። ድምፅ ለሁሉም ይሰማል፤ ከሞተሩ ክዳን ሥር ያለው ስንጥቅ ግን ለማንም አይሰማም። የዚህ ጽሑፍ ሙግት ጠባብ ነው። በግል በተሠራ አውሮፕላን የሞተር መያዣ ላይ በብረት ድካም ስንጥቅ ቢፈጠር፣ ማንኛውም ሰው ያለ አንዳች የሙያ ፈቃድ በይዶት አውሮፕላኑን በዚያው ቀን ማብረር ይችላል። ይህን የፈቀደው ክፍተት ሊዘጋ ይገባል።

የሞተር መያዣ ሞተሩን ከአውሮፕላኑ አካል ጋር የሚያገናኝ፣ ከቀጫጭን የብረት ቱቦዎች በብየዳ የተገጣጠመ አጽም ነው። ብረቱ በአብዛኛው 4130 በሚል ቁጥር የሚታወቀው የክሮምና የሞሊብዲነም ቅይጥ ሲሆን የቱቦው ግድግዳ ውፍረት ብዙ ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ባለ አራት ሲሊንደርና ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 2,400 ጊዜ ሲዞር በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ያቀጣጥላል። ይህም በአንድ ሰዓት 288,000፣ በ100 የበረራ ሰዓት ደግሞ ወደ 29 ሚሊዮን የሚጠጋ ግፊት ማለት ነው። የፕሮፔለር ሚዛን መዛባትና የማረፍ ድንጋጤ በዚህ ላይ ይደረባሉ፤ በአንዳንድ ዓይነቶች የፊት ጎማው እግር ራሱ ከሞተር መያዣው ጋር ስለሚታሰር ድንጋጤው በቀጥታ ወደ ቱቦዎቹ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ብረት የሚሰነጠቀው ከአቅሙ በላይ ስለተጫነ አይደለም። የሚችለውን ሸክም ሚሊዮን ጊዜ ስለተሸከመ ነው። ስንጥቁ በብዛት የሚጀምረው በብየዳው ጠርዝ፣ ሙቀት ባሕርይውን በለወጠው ሥፍራ ነው። ከዚህም የሚናቅ የሚመስል መነሻ አለ፤ ሽቦ ለማሰር በቱቦው ላይ የተጠመጠመ የፕላስቲክ ማሰሪያ አቧራና አሸዋ ይይዝና በንዝረት ቱቦውን እንደ ሞረድ ይከረክመዋል።

መከላከያው ውድ አይደለም። የሞተሩን ኮፈን አውልቆ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእጅ ባትሪና በማጉያ መስታወት ማየት፣ ብሎኖቹን በታዘዘው ልክ ማጥበቅ፣ የደረቁትን የንዝረት ጎማዎች መቀየር፣ የፕላስቲኩን ማሰሪያ ጎማ በለበሰ ማሰሪያ መተካት፣ የፕሮፔለሩን ሚዛን ማስተካከል ነው። መያዣውን በነጭ ወይም በፈዛዛ ቀለም መቀባት የዝገት መስመር ቶሎ እንዲታይ ያደርጋል፤ ወፍራም ቅብ ግን ስንጥቁን ሸፍኖ ሊያቆየው ይችላል። ጥርጣሬ ሲኖር ቀለሙ ተገፎ ወደ ስንጥቅ ሰርጎ በሚገባ ቀለም ወይም በማግኔትና በብረት ብናኝ ይመረመራል።

ጥገናው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍኤኤ) 43.13-1ቢ በተባለው የምክር ሰነዱ የሞተር መያዣ ብየዳ ከፍተኛ ጥራት እንዲኖረው ያሳስባል፤ ንዝረት ትንሿን ጉድለት ያባብሳታልና። ለተጎዳ ቱቦ የሚመርጠውም በቀሪው ቱቦ ላይ ሰፋ ያለ ቱቦ አልብሶ፣ ጫፉን እንደ ዓሣ አፍ ቀዶ መበየድን ነው። ከሞተሩ ማሰሪያ አጠገብ ያለ ትንሽ ስንጥቅ ከማጠናከሪያ ላሜራ ጋር ዳግም ሊበየድ ይችላል፤ ክፉኛ የተጎዳ ቀለበት ግን በአስተዳደሩ በጸደቀ ዘዴ ካልሆነ አይጠገንም። ከጥገናው በኋላ መያዣው እንዳልተጣመመ መለካት አለበት። ስንጥቁ ላይ ብየዳ ደርቦ ቀለም መቀባት ከእነዚህ ከአንዱም አይቆጠርም።

በፋብሪካ ለተሠራ አውሮፕላን እንዲህ ያለውን ሥራ ማን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚፈርምበትና በምን መዝገብ እንደሚሰፍር የፌዴራሉ ደንብ ክፍል 43 ይወስናል። በግል ተሠርቶ የሙከራ ፈቃድ ብቻ ለያዘ አውሮፕላን ክፍል 43 አይሠራም። አስገዳጅ የደኅንነት ትእዛዞችም በስም ካልጠቀሱት በቀር አይደርሱበትም። የቀረው አጥር በ12 ወር አንድ ጊዜ የሚደረገው የሁኔታ ምርመራ ነው። መካኒኩ የሚፈርመው በዚያች ዕለት ስላየው ነገር ነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የተበየደውን ማንም አያየውም፤ በዓመቱ ሲመለስም በአዲስ ቀለም ተሸፍኖ ይጠብቀዋል።

ክፍተቱ ይበልጥ የሚሰፋው አውሮፕላኑ ሲሸጥ ነው። የሠራው ሰው ለዚያው አውሮፕላን ብቻ የሚያገለግል የጥገና የምስክር ወረቀት ማግኘት ይችላል፤ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ያውቀዋልና። ገዢው ይህን ወረቀት ሊያገኝ አይችልም፤ መበየድ ግን አልተከለከለም። ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጥናት፣ በ2011 በግል የተሠሩ አውሮፕላኖች ከአገሪቱ አነስተኛ አውሮፕላኖች 10 ከመቶ ገደማ ሆነው ሳለ ከአደጋዎቹ 15 ከመቶ ያህሉ፣ ሰው ከሞተባቸው አደጋዎች ደግሞ 21 ከመቶው የእነርሱ ነበር። ቦርዱ በዚያ ዓመት ካጣራቸው አደጋዎች ከግማሽ በላዩ የደረሰው ከሠሪው በተገዙ አውሮፕላኖች ላይ ነው። እነዚህ አኃዞች ስለ ሞተር መያዣ ብቻ አይናገሩም፤ ሕጉ ዓይኑን በሠሪው ላይ ተክሎ ገዢውን እንደረሳው ግን ያሳያሉ።

የአብራሪዎቹ ወገን መልስ የታወቀ ነው፦ ነፃነት ነው፣ አደጋውን የሚሸከመው ባለቤቱ ነው ይላል። አውሮፕላኑ ግን መንገደኛ ይጭናል፤ መንገደኛው የሚያገኘው ጥበቃ አውሮፕላኑ ለመደበኛ አውሮፕላን የወጣውን የደኅንነት ደንብ እንደማያሟላ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። ማስጠንቀቂያው ከሥር ቤት ላለው ሰው አይነበብም። በሌላው ጠርዝ ያሉት ደግሞ ደኅንነትን ማረፊያውን ለማዘጋት እንደ ዱላ ይይዙታል፤ ይህም ከንቱ ነው። በእጁ አውሮፕላን የሚሠራ ሰው ክብር ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ አስመላሽ ዘፈሩ በራሱ የሠራትን ኬ-570ኤ ለማብረር ሲሞክር በየአገሩ የተደነቀውም ስለዚህ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አንባቢ ከሆነው ማኅበረሰብ አንድ ነገር አይደበቅም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ ኤፍኤኤ የምርመራ ሥልጣኑን ምን ያህል ለአምራቹ ለራሱ አሳልፎ እንደሰጠ ዓለም አወቀ። ኮንግረስም በሟች ቤተሰቦች ግፊት የምስክር ወረቀት አሰጣጡን ሕግ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 አሻሻለ። የአንድ ጋራዥ ሥራና የቦይንግ ጥፋት በመጠን አይነጻጸሩም። ሠሪው የራሱን ሥራ ራሱ ሲመረምር የሚነሣው ጥያቄ ግን አንድ ነው።

የኮንግረስ ጽሕፈት ቤቶች ሊጠይቁት የሚገባው ይህ ነው። በሞተር መያዣ ላይ የተደረገ ማንኛውም ብየዳ ከበረራ በፊት ቀለም ሳይቀባ በመዝገብ ይስፈር፤ ያልበየደው ፈቃድ ያለው መካኒክም መርምሮ ይፈርምበት። ሠሪው የምስክር ወረቀት ቢኖረውም የራሱን ብየዳ አይፈርም። ለአዲስ አውሮፕላኖች ኤፍኤኤ ይህን በመመሪያ 8130.2 በኩል በበረራ ገደቦቻቸው ውስጥ ሊጽፈው ይችላል፤ ቀድሞ ለተመዘገቡት የደንቡን አንቀጽ 91.319 ማሻሻል ያስፈልጋል። የ2024ቱ የአስተዳደሩ ማደሻ ሕግ የሚያበቃው በ2028 የበጀት ዓመት ስለሆነ፣ ረቂቁ ከአሁኑ ካልተዘጋጀ ጊዜው ያልፋል። የመለዋወጫና የኪት አምራቾች ስለ ስንጥቅ የሚያወጡት ማሳሰቢያም ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ ሳይሆን በኤፍኤኤ መዝገብ ላለው የአሁኑ ባለቤት ይድረስ፤ አድራሻው በመንግሥት እጅ አለ።

የበረራ ደኅንነት የፌዴራል ሥልጣን በመሆኑ ሳክራሜንቶ በዚህ ደንብ ሊያወጣ አይችልም። የአላሜዳ ኮሌጅን የመሰሉ የአውሮፕላን ጥገና ማሠልጠኛዎች ግን ለባለቤቶች የቅዳሜ የብየዳና የስንጥቅ ምርመራ ትምህርት እንዲከፍቱ ገንዘብ መመደብ ይችላል፤ ለዚህ የማንንም ፈቃድ መጠበቅ አያሻውም።