ዋጋ ያለው ዕቃ ሜዳ ላይ አይወድቅም



በየቤታችን ስክሪኑ የጠፋ ቴሌቪዥን፣ ባትሪው የሞተ ሞባይል ወይም የተቃጠለ ምጣድ አይጠፋም። አልጋ ሥር ወይም ጓዳ ተቀምጦ ዓመታት ይቆጥራል። ወዴት ወስዶ እንደሚያስረክበው የሚያውቅ ነዋሪ ስንት ነው? በመጨረሻ ቆራሌው ሲጣራ በጥቂት ብር ይሸኛል፣ ያልተሸጠውም ከቤት ቆሻሻ ጋር ይጣላል።

ቆራሌው የወሰደው ዕቃ ብዙውን ጊዜ እንደ መርካቶው ምናለሽ ተራ ወዳሉ ሥፍራዎች ይሄዳል። እዚያ ያሉ ባለሙያዎች ከወዳደቀ ብረት ምድጃና መለዋወጫ የሚያወጡ ብርቱ ዜጎች ናቸው። ችግሩ ያለው ገበያ በማያነሳው ክፍል ላይ ነው። መዳብ ለማግኘት ሽቦ በእሳት ሲቃጠል ከሽፋኑ የሚወጣው ጭስ መርዛማ ነው። የአሮጌ ቴሌቪዥን መስታወት እርሳስ አለበት። የመኪና ባትሪ አሲድ መሬት ላይ ሲደፋ አፈሩንም ውኃውንም ይበክላል። እርሳስ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል።

ለዚህ ሁሉ የጠፋው ሕግ ነውን? አይደለም። አገራችን የአደገኛ ቆሻሻን ዝውውር የሚቆጣጠረውን የባዝል ስምምነት ተቀብላለች። በ1995 ዓ.ም. የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ፣ በ1999 ዓ.ም. የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ወጥተዋል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን ብቻ የሚመለከት ደንብ ቁጥር 425/2010ን አውጥቷል። ደንቡ ከወጣ ወዲህ በወረዳዎ የተበላሸ ቴሌቪዥን የሚቀበል ቦታ ከፍቶ የጠራዎት አካል አለ? የእኛ ክርክር ከዚህ ይጀምራል። መሰብሰቢያ የሌለውና ለሚታዘዘው ዜጋ ምንም የማያስገኝ ደንብ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ቆሻሻ ያለ ዕቅድ ሲከማች ዋጋውን የሚከፍለው ድሃው ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን ሕይወታቸውን አጥተዋል። ያ ሐዘን ለማንኛውም አስተዳደር በቂ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይገባ ነበር።

መፍትሔው ከእጃችን የራቀ አይደለም። የቢራና የለስላሳ ጠርሙስን እንመልከት። ባዶ ጠርሙስ ሜዳ ላይ የሚጥል ሰው ጥቂት ነው፤ ቢጣልም ወዲያው የሚያነሳው አለ። ይህ የሆነው በቅጣት ማስፈራሪያ ሳይሆን ጠርሙሱ መያዣ ስላለው ነው። ዋጋ ያለው ዕቃ ሜዳ ላይ አይወድቅም።

ሕዝቡም ጥቅሙን ካየ እንደሚተባበር ተፈትኗል። በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. ገደማ አሮጌ አምፖል ላመጣ ኃይል ቆጣቢ አምፖል በነፃ ሲለወጥ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አምፖሎች ተሰራጭተዋል። ሥራው የሚመሰገን ነበር። ሆኖም እነዚያ አምፖሎች ሜርኩሪ ስላለባቸው ሲቃጠሉ ለብቻ መሰብሰብ ነበረባቸው። ስንቶቻችን ከሌላው ቆሻሻ ጋር ጣልናቸው? ማደል ብቻውን ፖሊሲ አይደለም፣ መልሶ መሰብሰብም አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

በመሆኑም ፓርቲያችን የሕዝብ አደራ ከተሰጠው የሚከተሉትን ይፈጽማል።

አንደኛ፣ አስመጪውና አምራቹ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ መያዣ እንዲያስይዙ፣ ዕቃው አገልግሎቱን ጨርሶ ሲመለስም ገንዘቡ ለመለሰው ሰው እንዲከፈል በሕግ ይደነግጋል። ጋና እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ አስመጪዎች ለአወጋገዱ የሚውል ክፍያ አስቀድመው እንዲከፍሉ አድርጋለች። በእኛም አገር ገንዘቡ በተለየ ሒሳብ ይቀመጣል፣ በዋናው ኦዲተር ይመረመራል፣ ውጤቱም በየዓመቱ ለሕዝብ ይገለጻል።

ሁለተኛ፣ በየወረዳው ቋሚ የመረከቢያ ቦታ ይከፈታል።

ሦስተኛ፣ ቆራሌዎችና የምናለሽ ተራ ሠራተኞች የሥራው ባለቤት ይሆናሉ። በማኅበር ለሚደራጁት ፈቃድ፣ ሥልጠና፣ ጓንትና ሽቦ ያለ እሳት የሚልጥ መሣሪያ ይቀርባል። እነሱን አባርሮ ሥራውን ለአንድ ባለሀብት መስጠት የብዙዎችን እንጀራ መንጠቅ ነው።

አራተኛ፣ መንግሥት ራሱ ይጀምራል። በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን የተከማቹት አሮጌ ኮምፒውተሮች ተለይተው የሚጠገኑት ለትምህርት ቤቶች፣ የማይጠገኑት ለመፈታታት ይተላለፋሉ።

አምስተኛ፣ ማበረታቻው ለሁሉም ቤት ይደርሳል። በ2014 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ መኪና የቀረጥና የታክስ እፎይታ ተፈቅዷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ መኪና ማስገባት ታግዷል። ይህን አንቃወምም። ነገር ግን መኪና መግዛት ለማይችለው፣ በኮንዶሚኒየም ወይም በኪራይ ቤት ለሚኖረው ሕዝብ ማበረታቻው ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ መቅረት የለበትም። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተጀመረው የኤሌክትሪክ ታሪፍ ጭማሪ በአራት ዓመት ውስጥ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል የታቀደ በመሆኑ፣ ኃይል መቆጠብ የጓዳ ጉዳይ ሆኗል። አሮጌ ምጣድ ወይም ፍሪጅ አስረክቦ ቆጣቢውን ለሚገዛ ቤተሰብ የታክስ ቅናሽና ከመብራት ሒሳብ ጋር በየወሩ የሚከፈል ብድር እናመቻቻለን። በጣሪያው ላይ የፀሐይ ኃይል ለሚተክል ዳቦ ቤት፣ ወርክሾፕ ወይም ሆቴል ወጪው ከሚከፍለው ግብር ላይ ይታሰብለታል። የኤሌክትሪክ መኪና አስመጪዎችም ያረጀውን ባትሪ መልሰው የመረከብ ግዴታ ይኖርባቸዋል።

«መያዣው ዕቃ አያስወድድም ወይ?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ ተገቢ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ የዕቃ ዋጋ ያስመረረው ሕዝብ ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መልሳችን ግልጽ ነው፦ ሲገዛ ጥቂት ይጨምራል፣ ሲመለስ ግን ገንዘቡ የራሱ የነዋሪው ነው። ዛሬ ያለ መያዣ የምንከፍለው ዋጋ ለማንም አይመለስም፤ በሕክምና ወጪ፣ በተበከለ ወንዝና በልጆች ጤና እየከፈልን ነው።

በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሲከማች፣ በአግባቡ መሰብሰቡና መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። በአፍሪካ ከአንድ በመቶ በታች ነው። በዚህ ቆሻሻ ውስጥ ግን መዳብ፣ አሉሚኒየምና ወርቅ አለ። ለሥራ አጥ ወጣቶቻችን ይህ የሥራ መስክ ነው።

ውድ መራጮች፣ ድምፅ ሊጠይቅዎ የሚመጣ ማንኛውም ዕጩ፣ የእኛንም ጨምሮ፣ አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ «የተበላሸ ቴሌቪዥኔን የት ላስረክብ? ስንትስ ይከፈለኛል?» የቦታውን ስምና የገንዘቡን ምንጭ ለሚነግርዎ ድምፅዎን ይስጡ።