በበዓለ ሲመት ደጃፍ

በዚህ ዓምድ ዘወትር የምንነጋገረው ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት ሥርዓት ነው። ዛሬ ግን በባዕድ አገር ለማየት ሄደን ሳናየው ስለ ቀረነው አንድ ትልቅ በዓል ልናጫውታችሁ አሰብን። ነገሩ ሲጀመር የመንግሥት ጉዳይ ይመስላል፤ ፍጻሜው ግን የቤተሰብ ጉዳይ ስለ ሆነ በዚህ ገጽ ላይ ቢነገር ነውር የለበትም።

ዘመኑ 2001 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ኑሮአችን በአሜሪካ፣ ከዋሽንግተን ከተማ በወንዝ ማዶ፣ በቨርጂኒያ ነበረ። የአርባ አራተኛው ፕሬዚዳንት የባራክ ኦባማ በዓለ ሲመት በፈረንጆች አቆጣጠር ጃንዋሪ 20 ቀን 2009፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር 12 ቀን 2001 ዓ.ም. ይፈጸም ነበር። መሐላው የሚፈጸምበት የምክር ቤቱ ሕንፃ በሚሠራበት ዘመን በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ጉልበታቸውን አፍስሰውበታል። አሁን ደግሞ በዚያው ሕንፃ ደረጃ ላይ አባቱ ኬንያዊ የሆነ ሰው ሊምል ነው። ስለዚህ ዕለቱን በዓይኑ ለማየት ያልጓጓ ሰው በሰፈራችን አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ ቀኑ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባናል። ቀድሞ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች የሚምሉት በማርች 4 ቀን ነበር። በ1933 ሕገ መንግሥታቸው ተሻሽሎ የሥልጣኑ ዘመን ጃንዋሪ 20 ቀን በቀትር እንዲጀምር ተደነገገ፤ ከ1937 ጀምሮም እንዲሁ ሆኗል። በዓለ ሲመቱ በሚውልባቸው ዓመታት ይህ ቀን በእኛ ሁልጊዜ ጥር 12 ነው። ይኸውም ጌታችን በቃና ዘገሊላ ውኃውን የወይን ጠጅ ያደረገበት በዓል፣ ደግሞም የቅዱስ ሚካኤል ዕለት ነው። በአገራችን የመልአኩ ታቦት ከጥምቀተ ባሕር ወደ መንበሩ በእልልታ የሚመለሰው በዚሁ ቀን ነው። እንግዲህ በዚያ አገር የሚኖር ኦርቶዶክሳዊ በየአራት ዓመቱ በአንድ ቀን ሁለት ጥሪ ይደርሰዋል ማለት ነው።

በእኛም ቤት ምክር ተነሣ። የበዓለ ጥምቀቱ ዕለት፣ ሰኞ ጥር 11 ቀን፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ስለ ነበረ መሥሪያ ቤቶች ዝግ ነበሩ፤ እኛም እንደ ሌላው ዓመት እስከ ቅዳሜና እሑድ ሳንጠብቅ በዕለቱ አክብረን ውለናል። ማክሰኞ ግን ጸሎትና በዓለ ሲመት ተጋጠሙ። የበዓለ ሲመቱ መግቢያ ወደ 240 ሺህ ለሚሆን ሰው በትኬት የታደለ ሲሆን፣ ትኬቱም በቀለም የተለየ ነበረ። ለእኛ ሦስት ሐምራዊ ትኬት ደርሶን ነበር። በመጨረሻ ባለቤታችን ሕፃኗን ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንድትሄድ፣ እኛ ደግሞ የአሥራ አንድ ዓመት ልጃችንንና ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡትን እናታችንን ይዘን ወደ በዓሉ እንድንሄድ ተስማማን። እናታችን ሰባ አምስት ዓመታቸው ነበርና ብርዱን ፈርተንላቸው እንዲቀሩ ለመንናቸው። እሳቸው ግን «አባቴ የጃንሆይን ንግሥ ቆመው ውለው አወሩልኝ፤ እኔም የማወራው ይኑረኝ» ብለው እምቢ አሉ። ልጃችንንም «ፕሬዚዳንቱን በዓይንህ ታየዋለህ፤ ቃሌ ነው» አልነው። ይህን ቃል አንባቢ በልቡ ይያዝልን።

ወደ ከተማው የሚያሻግሩት ድልድዮች ለቤት መኪና ዝግ ስለ ነበሩ በመሬት ውስጥ ባቡር መሄድ ግድ ሆነ። ባቡሩ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ይሠራ ነበር። በዚያ ቀን ባቡሩን የተጠቀመው ሰው ቍጥር ከ1 ሚሊዮን 100 ሺህ በላይ መሆኑ ኋላ ተነግሯል። እኛም ለመተንፈስ እስኪያስቸግረን ድረስ ተጨናንቀን ሄድን፤ ነገር ግን የሚቈጣ አልነበረም። የማያውቁን ሰዎች ለእናታችን መቀመጫ ለቀቁላቸው፤ ነጠላቸውን እያዩም ከየት እንደ መጡ በአክብሮት ጠየቋቸው።

ከባቡሩ ወርደን ሐምራዊ ትኬት የያዘው ሕዝብ ወደ ቆመበት ሰልፍ ስንደርስ ገና አልነጋም። ሰልፉ ከምክር ቤቱ አጠገብ በመሬት ሥር ወደሚያልፍ የመኪና መንገድ ውስጥ ይገባ ነበር። ሕዝቡ እጅግ ብዙ ሆኖ ሳለ «በዚህ ሂዱ፣ በዚያ ቁሙ» የሚል ሰው ግን አልታየም። ከዜሮ በታች ሁለት ዲግሪ ያህል በሆነ ብርድ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ዋሻ ውስጥ ለብዙ ሰዓት ቆምን። አንዳንዱ ይዘምር፣ አንዳንዱ በቆመበት ይዘል ነበር። እናታችንም ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ውዳሴ ማርያም ይደግሙ ነበር።

ረፋዱ እያለፈ ሄደ፤ ሰልፉ ግን ፈቀቅ አላለም። ከዋሻው ወጥተን ወደ በሩ ስንቀርብ ቀትር ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። በሩም ተዘግቶ አገኘነው። ትኬት ይዘው ከውጭ የቀሩት ሰዎች በሺህ የሚቈጠሩ ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዱ እኛ ሆንን። ያን ጊዜ ልጃችን ቀና ብሎ ፊታችንን አየ። እኛም ያፈርንበትን ቃል ቍጣ ይሸፍነው ይመስል፣ በበሩ በቆመ አንድ ወጣት ዘብ ላይ ጮኽንበት። ትኬታችንን በፊቱ እያወዛወዝን በቤታችን ተሰምቶ የማያውቅ ስድብ ተናገርን። ወጣቱ ከንፈሩ በብርድ ጠቍሮ ነበርና «ጌታዬ፣ የታዘዝኩትን ነው የማደርገው» ከማለት በቀር መልስ አልሰጠም።

እናታችን ክንዳችንን ያዙ። «ልጄ፣ ይህ ልጅ ምን አደረገህ? እርሱም እንደኛ ሌሊት ተነሥቶ የቆመ፣ የእናት ልጅ ነው» አሉ። ከዘንቢላቸውም ለጥምቀት የጋገሩትን ድፎ ዳቦ አውጥተው ቆረሱና ዘረጉለት። እርሱ በሥራ ላይ በመሆኑ ባይቀበላቸውም እጁን በደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣቸው። እሳቸውም ዳቦውን በዙሪያችን ለቆሙት አደሉ። ከውጭ የቀረው ሕዝብ ተካፍሎ በላ። በቃና የጐደለውን አይታ ለልጇ የነገረች የእመቤታችን በዓል መሆኑ ትዝ ያለን ያን ጊዜ ነው፤ እኛ የጐደለብንን ስንቈጥር እሳቸው ሌላው የጐደለበትን አይተዋልና።

በዚህ መካከል ከአጠገባችን የቆመ አንድ ሽማግሌ በእጁ የያዛትን ትንሽ ራዲዮ ከፍ አደረገ፤ በዙሪያው ያለነውም ሁሉ ዝም አልን። ጠቅላይ ዳኛው ጆን ሮበርትስ ቃሉን ሲያስምሉ፣ ፕሬዚዳንቱም ተከትለው ሲምሉ በመካከሉ መደናቀፍ ተሰማ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሃያ አንድ ጊዜ መድፍ ተተኰሰ። ሽማግሌው ራዲዮውን እንደ ያዘ ዕንባው በጉንጩ ይወርድ ነበር። የከተማው ሹማምንት የዚያን ቀን ሕዝብ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ያህል እንደሚሆን ገምተዋል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የሰውየውን ፊት ለይቶ ያየው ጥቂቱ ነው።

በመንገድ ስንመለስ ልጃችን አኵርፎ ነበር። አያቱም «አባቴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የጃንሆይ ንግሥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሲፈጸም ከአጥሩ ውጭ ነበር የቆሙት። ዘውዱን አላዩም፤ ቅብዐ መንግሥቱን አላዩም። የሰሙት መድፉንና እልልታውን ብቻ ነው። ይህንኑ ሲያወሩልን ግን ሃምሳ ዓመት ኖሩ። አንተም የምታወራው አገኘህ» አሉት። ልጁም ጥቂት ፈገግ አለ። እኛን ግን ቀና ብሎ አላየንም።

በማግሥቱ ሌላ ወሬ ተሰማ። የሕገ መንግሥቱ የመሐላ ቃል በእንግሊዝኛ ሠላሳ አምስት ቃላት ብቻ ያለው ሲሆን፣ «በታማኝነት» የሚለው ቃል ከቦታው ተዛውሮ ተነግሮ ነበር። እንደ ሕጉ ከሆነ ሥልጣኑ በቀትር ስለሚጀምር ሰውየው ፕሬዚዳንት መሆናቸው አላጠራጠረም። ሆኖም ለጥንቃቄ ተብሎ ጃንዋሪ 21 ቀን ማታ ጠቅላይ ዳኛው ወደ ቤተ መንግሥቱ ሄደው፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ጥቂት ሰዎች በተገኙበት መሐላው እንደ ገና ተፈጸመ። በመጀመሪያው ቀን አብርሃም ሊንከን በ1861 የማለበት መጽሐፍ ቅዱስ ቀርቦ ነበር፤ በሁለተኛው ግን መጽሐፍም፣ መድፍም፣ ሕዝብም አልነበረም። የነበረው የተሳተው ቃል መታረሙ ብቻ ነው።

ይህን በእራት ጊዜ ስናወራ ልጃችን «አባባ፣ ፕሬዚዳንቱ ቃሉን ከተሳሳተ እንደ ገና ይላል ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀን። «አዎን» አልነው። «እንግዲያው አንተስ?» አለ። ከዚያ በላይ አልተናገረም፤ መናገርም አላስፈለገውም። እናታችን እንጀራውን እየቈረሱ ዓይናቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ባለቤታችን የሆነውን ስላላወቀች አንዴ ልጁን አንዴ እኛን ታይ ነበር።

አንባቢ ሆይ፤ አባት በልጁ ፊት «አጥፍቻለሁ» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ የሞከረው ያውቀዋል። ቢሆንም ከወንበራችን ተነሥተን ለእናታችን ጕልበት ዝቅ አልን፤ ልጃችንንም በእጃችን ያልሆነውን ነገር «ቃሌ ነው» ብለን በመናገራችንና ምንም ያላደረገን ሰው በፊቱ በመሳደባችን ይቅርታ ጠየቅነው። በሰንበትም ወደ ንስሐ አባታችን ሄደን ነገርናቸው። ያ ወጣት ዘብ ግን የት እንደሚገኝ አናውቅምና እርሱን ይቅርታ መጠየቅ አልቻልንም። እስከ ዛሬ የሚቈጨን ይህ ነው። ጥር 12 በመጣ ቍጥር በጸሎታችን እናስበዋለን።

ጌታችን በወንጌል ፈጽሞ እንዳንምል፣ ንግግራችንም እውነት ለሆነው አዎን፣ ላልሆነው አይደለም እንዲሆን አዞናል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት እንኳ መማል የማይፈቅድ ሰው በማረጋገጥ ቃል ብቻ ሥልጣኑን እንዲቀበል ፈቅዷል፤ ፍራንክሊን ፒርስ በ1853 እንዲሁ አድርገዋል። እንግዲህ የቃል ክብደት በመሐላው ጌጥና በአደባባዩ ስፋት የሚለካ አይደለም። በቤታችንም በየቀኑ ያለ መድፍና ያለ ሰንደቅ ዓላማ የምንገባቸው ኪዳኖች አሉ፤ «ነገ እገዛልሃለሁ»፣ «ማታ በጊዜ እመጣለሁ»፣ «አልቈጣህም» እንላለን። ልጅ ይህን ሁሉ ይመዘግባል። ቃሉ ሲሰበር የሚጐዳው መሰበሩ ብቻ አይደለም፤ ሳይታረም መቅረቱ ይብሳል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንመክራለን። በመጀመሪያ፣ በእጃችን የሌለውን ነገር ለልጅ ቃል አንግባ፤ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ እንሞክራለን» ማለት ይበቃል። ሁለተኛ፣ ስንሳሳት ነገሩን በዝምታ አንለፈው፤ ያጠፋነው በልጁ ፊት ከሆነ እርማቱም በልጁ ፊት ይሁን። ሦስተኛ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ እንደ ጻፈለት ለገዢዎች ሁሉ እንጸልይ፤ ከሹም ደጅ ለቆመውም ዘብ ጭምር። ሹም ይሻራል፤ እርሱ ግን ነገም በብርድ ይቆማል።

እንዲህ ያለውን በዓል በአካል ተገኝቶ ማየት የሚሻ ቢኖር አንከለክለውም። ወፍራም ልብስ ይልበስ፣ ስንቁን ይያዝ፣ በልጁ ኪስ ስምና አድራሻ ጽፎ ይክተት፤ ከሁሉ በፊትም ላያይ እንደሚችል ዐውቆ ይሂድ። በ1985 እና በ2025 ከብርድ የተነሣ መሐላው ወደ አዳራሽ ተዛውሮ፣ ከሩቅ የመጣው ብዙ ሕዝብ ውጭ ቀርቷል። እናታችን ዛሬ በሕይወት የሉም። ልጃችን ግን ስለዚያ ቀን ሲጠየቅ ስለ ፕሬዚዳንቱ ብዙም አይናገርም፤ የሚያወራው አያቱ በበሩ ላይ ስለ ቈረሱት ዳቦ ነው።

የአምላካችን ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱስ ሚካኤል ተራዳኢነት ከቤታችሁ አይለይ። አሜን።