ጨርቁን ያልጣለው

ሐሙስ የቀይ አፈር ከተማ ገበያ ቀን ነው። በናው፣ ፀማዩ፣ ሐመሩና አሪው ማሩንና ማሽላውን ይዞ ይወጣል፤ ቱሪስቱ ካሜራውን አንግቶ ይከተላል። «ፎቶ! ፎቶ!» ነው፤ ሒሳቡም ካሜራው «ቀጭ» ባለ ቁጥር። ከገበያው ዳር ቪዲዮ ቤት ገብቼ ያየሁት የአማርኛ ፊልም ግን ከቱሪስቱም የቸኮለ ነበር። ልጅቱ ልጁን ከዳችው፤ ወዲያው ፀጉሩ ተንጨብርሮ፣ ሸሚዙ ተተልትሎ አስፋልት መሐል ብቻውን ይስቃል። ቤቱም አብሮት ሳቀ። «ጨርቁን ጣለ» የሚለውን አባባል ዳይሬክተሮቻችን ቃል በቃል የወሰዱት ይመስለኛል። ከዚያ ጠበል፣ ከዚያ እንባ፣ ከዚያ ሠርግ።

ስገባ ደጃፉ ላይ አንድ ወጣት የፎጣውን ጫፍ ክር በክር ሲፈታ አይቼው ነበር። ስወጣም ያንኑ ጫፍ ይዟል። ጨርቁን አልጣለም፤ አልጮኸም፤ ማንም ፎቶ አላነሳውም። ሽንኩርት የምትሸጠው እናቱ ፀሐይ በዞረች ቁጥር ጃንጥላዋን ወደ እሱ ታዘነብላለች፤ እሷ ፀሐይ ላይ ናት። እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ሦስት ክረምት።»

ፊልሞቻችን ይህን ሦስት ክረምት አያውቁትም። የሚያውቁት ያበደባትን ደቂቃና የዳነባትን ደቂቃ ነው። ለምን ቢባል መልሱ ዝግጁ ነው፤ ዝግ ያለ ፊልም ተመልካች ያሰለቻል። ያሰልች እንጂ! እናትየዋስ አይሰለቻትም ያለው ማነው?

ኃይሌ ገሪማ በ1968 ዓ.ም. ለዕይታ ባበቃው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የገበሬውን ድካም ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ሳይቸኩል አሳይቶናል። እሱ ዘንድም ቢሆን መንደሩ እብድ የሚለው ሰውዬ የባላባቱን ግፍ የሚያጋልጥ ነቢይ ነው። ፊልሙን እወደዋለሁ፤ ግን እብድ በኛ ስክሪን ወይ መሳቂያ ወይ ነቢይ ከመሆን አላመለጠም። ደጃፉ ላይ ያለው ልጅ ሁለቱንም አይደለም።

እንደሱ ያለውን በስክሪን ያየሁት ከሩቅ ነው። ቻይናዊው ዋንግ ቢንግ በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ዩናን ውስጥ ባለ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የተቀረፀው ፊልም አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ሰዎች በፍርግርግ የታጠረ ኮሪደር ይዞራሉ፤ አንዱ ካንዱ ብርድ ልብስ ሥር ይገባል። መሐል ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ አልክድም። ስነቃ አሁንም ይዞራሉ። እኔ አሸልቤ ማለፍ እችላለሁ፤ እነሱ ግን ኮሪደሩን ይዘው ነው የሚያድሩት። ይህን የነገረኝ ያ ርዝመት ነው፤ ቢያሳጥሩት ኖሮ አልሰማም ነበር።

ደጃፉ ላይ ከእናትየዋ ጋር እያወራን ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ሁለተኛው ፊልም ተጀመረ። ሳቁ ሽንኩርቷ ድረስ ሲመጣ ልጁ ቀና ብሎ በሩን አየ፤ ተመልሶ ወደ ክሩ። ጃንጥላው ወደ ምዕራብ አዘንብሏል።