አማና

ባለፈው እትም የሰው ልጅ በቤት ስለ ማሳደር ጥቂት ካነሣሁ በኋላ ከብዙ ባለ ትዳሮች ደብዳቤ ደርሶኛል። አብዛኛው «ለትምህርት የመጣች የዘመድ ልጅ ቤታችን ካስገባን ወዲህ ሰላም አጣን» የሚል ነው። ዛሬ ምክሩን ላቆየውና አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ባለ ታሪኮቹ ከገንዳ ውኃ የመጡ ባልና ሚስት ሲሆኑ፣ ያጫወቱኝ ከልጃቸው ጋር ቁጭ ብለው ነው። ስማችን ይቅር ስላሉኝ ስም አልጠራም።

አባትየው ሰሊጥ ነጋዴ ነው። መተማ ዮሐንስን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ድልድዩን ከተሻገሩ ገላባት ነው፣ ሱዳን። የወዲህና የወዲያ ሰው አንዱ የሌላውን ቋንቋ ይሞክራል፣ በዱቤ ይገበያያል፣ ለቅሶ ይደራረሳል። (መተማ ለእኛም ለወንጌላውያን የቆየ ስም ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1860ዎቹ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ያለው የቅዱስ ክሪሾና ሚሲዮን በዚያ ጣቢያ ነበረው። በሚሲዮናዊው በፍላድ ቤት ያደገው ሚካኤል አረጋዊም በኋላ እዚያው ክሪሾና ሄዶ ተምሯል። በሰው ቤት አድሮ መማር በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም።)

ልጅቷ 12ኛ ክፍል ጨርሳ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ሳይመጣላት ሲቀር፣ ካርቱም ባለ አንድ ኮሌጅ ነርስነት እንድትማር ተወሰነ። የአባቷ የረጅም ዘመን የንግድ ወዳጅ ካርቱም ይኖራል። «ቤት መከራየት ምን ያደርግላታል? ከልጆቼ ጋር ታድራለች» አለ። ስለ ኪራይ ሲነሣበት ተቀየመ። ሚስቱ ሐጃ አራት ልጆች አሏት፤ አምስተኛዋን ጨመረች።

አሁን ወደዚያ ቅዳሜና እሑድ እንምጣ። በሱዳን የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ እሑድ ትምህርት አለ። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ተደራረበ። የእኛ ስቅለት ዓርብ ሚያዝያ 6፣ ፋሲካ እሑድ ሚያዝያ 8 ነበር። ሐጃ ቤት የረመዳን የመጨረሻዎቹ ቀናት ናቸው። ሰኞ ደግሞ ፈተና አለ። ዓርብ ጠዋት ልጅቷ የስቅለት ጉባኤ ዋለች። ከሰዓት በኋላ የራሷንም የልጆቹንም ልብስ አጠበች። ሊመሽ ሲል ከሐጃ ጋር አሲዳ አገነፋች፣ ፉሉን አሰናዳች፣ አብሬውን በረዶ ጨመረችበት። እዚያ አገር ወንዶቹ ትሪውን ይዘው መንገድ ላይ ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ አላፊ አግዳሚውን እጁን ይዘው «ሳታፈጥር አታልፍም» ይላሉ። ሐጂም እንዲሁ ነበር። ሌሊቱን ደብተሯ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

ለቅዳሜ ጠዋት ለሐጃ ቃል ገብታለች፤ የዒዱን ብስኩት አብረው ሊጋግሩ። ለመዘምራኑም ቃል ገብታለች፤ በ2 ሰዓት የፋሲካ መዝሙር ልምምድ። በዚያው ሳምንት ለልምምድ ሦስት ጊዜ አስፈቅዳ ወጥታ ስለነበር አራተኛውን መጠየቅ አፈረች። «ኮሌጅ ሄጄ ማስታወሻ ተቀብዬ እመለሳለሁ» አለችና ወጣች። ሐጃ ከልክላት አታውቅም። ውሸቱን ያመጣው ፍርሃት አልነበረም፣ ይሉኝታ እንጂ። እኛ ቤትስ ስንቱ ውሸት ከይሉኝታ ይመጣል?

3 ሰዓት ገደማ ተኩስ ተሰማ። የሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሹ ኃይል ውጊያ የጀመሩት በዚያች ቅዳሜ ነው። መዘምራኑ ከአዳራሹ መውጣት አልቻሉም። ሁለት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ አደሩ። ፋሲካን በብስኩትና በጥቂት ውኃ ዋሉ፤ የስልኳም ባትሪ አለቀ።

ሐጃ ቤት ስለሆነው ኋላ የሰማችው ከትልቁ ልጅ ነው። ሐጂ ኮሌጁ ደውሎ ዘበኛውን ጠየቀ፤ «እዚህ አልመጣችም» ተባለ። ባልና ሚስት ተጣሉ። «የት ብዬ ልፈልጋት? እኔ ብሞት እነዚህን አራቱን ማን ያሳድጋል?» አለ። ሐጃ አንድ ቃል ብቻ ትደጋግም ነበር፤ «አማና ናት።» እኛ አደራ የምንለው ነው። በመጨረሻም «የት እንዳለች አውቃለሁ፣ የሚዘምሩበት ቤት ነው ያለችው» አለችው። ለካ ማስታወሻ የሚባለውን ነገር አላመነችም ነበር።

ሰኞ ማለዳ ሐጂ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ በእግሩ ወጣ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ተጉዞ አዳራሹን አንኳኳ። ሲመለሱ ሁለት ጊዜ ቦይ ውስጥ ተኝተው ተኩስ አሳለፉ። ቤት ሲደርሱ ሐጃ የልጅቷን እግር አጠበች፣ አበላቻት፣ አስተኛቻት። ስለ ውሸቱ ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ አላነሣችም።

ከአሥር ቀን በኋላ የአውቶቡስ ዋጋ ሰማይ በነካበት ሰዓት ሐጂ ከፍሎ አሳፈራት። በወድ መደኒ፣ በገዳሪፍ አድርጋ ገላባት ደረሰች። አባቷ በዚያ ሐሩር ድልድዩ ጋ ሦስት ቀን ቆሞ ጠብቋታል። ለወላጆቿ ሁሉን ነገረቻቸው፤ ለምን ከቤት እንደወጣች ግን ደበቀች።

እነሐጃ ወደ ወድ መደኒ ሸሹ። በታኅሣሥ 2016 ወድ መደኒም በፈጥኖ ደራሹ እጅ ወደቀች። ጥር ላይ ስልክ ተደወለ፤ «ገላባት ነን» የሚል። ስድስት ሰው።

ይህን ባል ለመውቀስ አትቸኩሉብኝ። ያን ጊዜ በክልሉ ጦርነት ነበረ፤ የጎንደር መንገድ ይዘጋል፣ ሰው ታግቶ ገንዘብ ይጠየቅበታል። ሰሊጡ መጋዘን ተቀምጧል። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። «ገንዘብ እልክላቸዋለሁ፤ ኩመር የስደተኞች መጠለያ አለ፣ እዚያ ይመዝገቡ» አለ። «ቤቱን የውጭ ሰው ሞልቶታል ከተባለ ደግሞ ዓይን ይገባብናል።» ሚስቱ መልስ አልሰጠችውም። ዝምታዋ ስድብ ሆኖ ተሰማኝ ብሎኛል።

እራት ላይ ልጅቷ ተነሥታ፣ «አባዬ፣ ያን ዕለት ዋሽቼ ነው የወጣሁት» አለች። ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው። «እኔ ቤት ብቀመጥ ኖሮ ሐጂ ጥይት ውስጥ አይገባም ነበር።» አባቷ እጁን ሳይታጠብ ወደ ግቢ ወጣ። እናትየው ልትከተለው ብላ ተወችው። ጎሕ ሲቀድ መተማ ዮሐንስ የሚሄድ መኪና ላይ ነበረ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላሳምርላችሁም። ከዐሥር በላይ ሰው በሁለት ክፍል ማለት ነው፤ የእነዚህም ታናናሾች አሉ። ሐጂ የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ መድኃኒቱ እንደ ልብ አይገኝም። ሁለቱ ሴቶች በወጥ ጨው ሳይቀር ተኳረፉ። የሐጂ መስገጃ ምንጣፍ ከጎተራው ኋላ ተነጥፎ ያዩ የጸሎት ቤት ሰዎች አጉረመረሙ፤ አንዳንዱም እየመጣ «ይህ ነገር እንዴት ነው?» አለ። ባልየው «እናንተስ ልጄን ካርቱም ሄዳችሁ ታመጡልኝ ነበር?» ብሎ መለሰ። መልሱ ሻካራ ነው፤ እኔ ግን አልፈርድበትም።

ለባለ ትዳሮች አንድ ነገር ልጨምር። ቤታቸው ሁለቱ ብቻ የሚያወሩበት ስፍራ ስለጠፋ፣ ባልና ሚስት ማታ ማታ እየወጡ መንገድ ዳር መሄድ ጀመሩ። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራቸው አንድም ቀን ለብቻቸው ተንሸራሽረው አያውቁም ነበር። እናትየው ይህን ስትነግረኝ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች።

ቅዳሜ ሚያዝያ 26 ቀን 2016 የፋሲካ ዋዜማ ነበር። ልጅቷ ጠዋት ቡና አፍልታ ለሐጃ ስትሰጣት፣ «ዛሬ ለመዝሙር ልምምድ እሄዳለሁ» አለቻት፣ ጮክ ብላ። ሐጃ ቡናዋን ጨረሰች፤ ቶቧን አጣፍታ ጫማዋን አደረገች። አብራት እስከ ጸሎት ቤቱ በር ሄደች። «ግቢ እንጂ ሐጃ» ብትላት እንቢ አለች። ከበሩ ማዶ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ልምምዱ እስኪያልቅ ጠበቀቻት።