የእንስሳት ሐኪሙ ዕውቀት ከበረት አይራቅ

በአገራችን የሰው ሐኪሙም የእንስሳት ሐኪሙም «ዶክተር» ተብለው ይጠራሉ። ሁለቱም ለዓመታት ተምረው ያገኙት ማዕረግ ስለሆነ ነቀፌታ የለውም። ችግር የሚመጣው አንድ ባለሙያ በራሱ ሙያ ያገኘውን አመኔታ ይዞ ባልሠለጠነበት መስክ ዕቃ መሸጥ ሲጀምር ነው። «የተፈጥሮ መድኃኒት»፣ «ማዕድንና ቫይታሚን ማሟያ» የሚሉ ጠርሙሶች ገበያ ላይ ሲቀርቡ ከጀርባቸው «ዶክተሩ ያዘዙት ነው» የሚል ቃል አይጠፋም። የምን ዶክተር ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በዚህ መንገድ ከተጓዙት ሁሉ ስማቸው የገነነው አሜሪካዊው ዶክተር ጆኤል ዋላክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 ከሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ በእንስሳት ሕክምና ተመርቀው፣ በመካነ አራዊት የሞቱ እንስሳትን እየመረመሩ ምክንያቱን ሲፈልጉ ዓመታት አሳለፉ። በ1982 በፖርትላንድ ከተማ ከሚገኝ የተፈጥሮ ሕክምና ኮሌጅ ተመረቁና ፊታቸውን ወደ ሰው አዞሩ። በ1990ዎቹ «የሞቱ ዶክተሮች አይዋሹም» የሚለው የካሴት ንግግራቸው በአገራቸው ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረ። በ1997 ደግሞ የማዕድንና ቫይታሚን ማሟያዎችን ሰው በሰው በሚያያዝ ሰንሰለት የሚሸጥ ኩባንያ መሠረቱ።

የንግግራቸው ፍሬ ነገር አጭር ነው። ገበሬ ለከብቱ ማዕድን እየሰጠ በሽታን ይከላከላል፤ ሰውም እንዲሁ ቢያደርግ ከአብዛኛው በሽታ ይድናል፣ ዕድሜውም ይረዝማል የሚል ነው።

የዚህ አባባል ግማሹ እውነት ነው፤ እሱም የበረቱ ግማሽ ነው። ላም አጥንት ስታኝክ፣ ጨርቅና ገመድ ስትበላ ያላየ አርሶ አደር የለም። ይህ ብዙ ጊዜ አመል ሳይሆን የፎስፈረስ እጥረት ምልክት ነው። ግልገል ተወልዶ የኋላ እግሩ ሲንገዳገድ የመዳብ እጥረት ሊሆን ይችላል። ሴሊኒየም ሲጎድል የጥጃና የግልገል ጡንቻ ይነጣል፣ ይዳከማል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የከብቶች የመዳብ እጥረት በምርምር ታይቷል። አባቶቻችን አሞሌ የሚያስልሱት፣ ከብቱን ቦሌ አፈር ወዳለበት የሚነዱት በከንቱ አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ ከአንድ መስክ ሣርና ከአንድ ማሳ ገለባ የምትኖር ላም አፈሩ የጎደለው ነገር እሷም ይጎድላታል።

ሌላው ግማሽ ግን አይከተልም። በበረት ውስጥ እንኳ የአንዱ ማዕድን ለሌላው አይሆንም። በግ መዳብ ሲበዛበት አይችልም፤ ለከብት ተብሎ የተዘጋጀ፣ መዳብ ያለበት ማዕድን በግን ሊገድል ይችላል። ከላም ወደ በግ ያልተሻገረ መጠን ከላም ወደ ሰው እንዴት ይሻገራል? ማዕድን የሚያድነው በእጥረቱ የመጣውን በሽታ ብቻ ነው። ስኳርን፣ ደም ግፊትን፣ ካንሰርን የሚፈውስ ጠርሙስ ግን «ላም አለኝ በሰማይ» ነው። ከብሩ ኪሳራ በላይ የሚያሳስበው በዚህ ተስፋ ከጤና ጣቢያ የታዘዘለትን ኪኒን የሚያቋርጠው ሕመምተኛ ነው።

ሰውም የማዕድን እጥረት አለበት። የአዮዲን እጥረት የሚያመጣው እንቅርት በደጋው አካባቢ የታወቀ ነው። መፍትሔው ግን በሚላስ ጠርሙስ አልመጣም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 204/2003 ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው ደነገገ። መጠኑ ተለክቶ፣ ለሁሉም በሚደርስ በርካሽ ነገር ገባ። የተፈጥሮ የሆነ ሁሉ ይናቅ ማለትም አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 እንዶድ የብልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አስተውለው ዓመታት መረመሩት እንጂ በማግስቱ በብልቃጥ አልሸጡትም።

እንግዲህ ለወረዳ አመራሮች ሦስት ነገር ማለት እወዳለሁ። አንደኛ፣ ለበረት የሚሆነው ማዕድን በረት ይድረስ። የሚላስ ማዕድንና የዩሪያ ሞላሰስ ብሎክ በዩኒየኖችና በመሠረታዊ ማኅበራት በኩል እንደ ማዳበሪያው በወቅቱ ይቅረብ። የትኛው ለከብት፣ የትኛው ለበግ እንደሆነ ባለሙያው ለአርሶ አደሩ ያስረዳ።

ሁለተኛ፣ የእንስሳት ሐኪሙ በሙያው ይኑር። መድኃኒት የሌለው ክሊኒክ፣ ወደ ቀበሌ መውረጃ የሌለው ባለሙያ ሌላ ገቢ ቢፈልግ አይገርምም። በግል መሥራት ለሚፈልገው የእንስሳት ክሊኒክና መድኃኒት ቤት መክፈቻ ፈቃዱ ይቅለልለት፤ ያን ጊዜ ዕውቀቱ የሰው ማሟያ መሸጫ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ የጤናና የንግድ ጽሕፈት ቤቶች ገበያውን በጋራ ይፈትሹ። የሰው ምግብና መድኃኒት በአዋጅ ቁጥር 1112/2011፣ የእንስሳት መድኃኒትና መኖ ደግሞ በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን በኩል ቁጥጥር አላቸው። ሕጉ አለ፤ የሚጎድለው የገበያ ቀን ወርዶ የሚያይ ሰው ነው።

አርሶ አደሩም ብር ከማውጣቱ በፊት ይጠይቅ፦ ይህ ለሰው ነው ለከብት? ማን መዘገበው? የነገርከኝ ፈውስ ዕቃው ላይ ተጽፏል ወይ? ሻጩ መልስ ካጣ ያ ብር ለላሚቱ አሞሌ ቢገዛበት ይሻላል፤ ጥቅሙ ቢያንስ በወተቷ ይታያል።