በሰፈሩት ቁና



የ55 ቀኑ ጾም ተፈጽሞ ማዕዱ ሲለወጥ፣ ሁዳዴውን በምን እንደተሻገርነው መለስ ብሎ ማሰብ ደግ ነው። በአሶሳም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል የጾመኛውን ማዕድ ሲደግፉ የከረሙት ሱፍ፣ ሰሊጥ፣ ኑግና ተልባ ናቸው። እነዚህም ከገበያ ወደ ብዙው ቤት የሚገቡት በጣሳና በኩባያ ተሰፍረው ነው። ስለዚህም በዛሬው በዓል ስለ መስፈሪያ ጥቂት ልንል ወደድን።

አበው እህልን በቁናና በዳውላ ሰፈሩ፤ 20 ቁና አንድ ዳውላ ይባል ነበር። ቡናን በፈረሱላ፣ ይኸውም በ17 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ወርቅን ደግሞ በወቄት፣ ይኸውም በ28 ግራም ገደማ መዘኑ። የቤኒሻንጉል ምድር ጥንትም በወርቁ የታወቀ ነው። በ1890 ዓ.ም. በራስ መኮንን ዘመቻ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ከተጠቃለለ በኋላም ግብሩ በወርቅ ይከፈል ነበር። ወርቅ ሲመዘን ሻጭም ገዥም ዓይኑን ከሚዛኑ አይነቅልም። ለአንድ ጣሳ ሰሊጥ ግን እንዲህ የሚጠነቀቅ ማን ነው?

ባለጸጋው በኩንታል አስመዝኖ ይገዛል፤ በጣሳ የሚገዛው የዕለት ጉርሱን የሚቆጥረው ነው። እንግዲህ ጎኑ የተጨረመተ፣ ታቹ የተደፈነ ጣሳ የሚነጥቀው ከድኃው ነው። ጣሳው አንድ ዐሥረኛ ቢጎድል፣ ዐሥር ጊዜ የገዛች እናት አንድ ሙሉ ጣሳ ተቀምታለች ማለት ነው። ገበሬውም ምርቱን ሲሸጥ በተዛባ ሚዛን ይህንኑ በደል ይቀበላል።

አንዳንዶች ጣሳ ቀርቶ ሁሉም በኪሎ ይሁን ይላሉ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ተቆጣጣሪ የሌለው ሚዛንም እንደ ጣሳው ያታልላል። እኛ የምንለው በየገበያው መካከል የተረጋገጠ ሚዛንና መስፈሪያ በአደባባይ ይቀመጥ፣ የተጠራጠረ ገዥም ያለ ኀፍረት እንደገና ያስለካ ነው።

ትክክለኛ መስፈሪያን ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ያዝዛል፤ ቁርዓንም ሰፍሮ ማጉደልን ያወግዛል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብረው በሚገበያዩባት አሶሳ ይህ የሁለቱም ሕግ ነው።

እናቶቻችን ከጎረቤት በልክ የተበደሩትን ዱቄት ከምረው ይመልሱ ነበር። ይህ ደግነት ከቤት ወጥቶ ገበያም ይድረስ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርምና!

መልካም የትንሣኤ በዓል!